የቤት በርበሬና የደጅ ውርጭ

በርበሬ በማይበቅልበት አገር ሰው በርበሬን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በገበያ ዋጋውና በድስት ሽታው። የመንዝና የግሼ ደገኛ ገብሱን፣ ባቄላውንና በጉን ከደጁ ያገኛል፤ በርበሬውን ግን ከቆላ ከመጣ ጆንያ ይሸምታል። ስለዚህም በዚያ አገር የለመለመ የበርበሬ ተክል በመስኮት ሥር ቆሞ ማየት እንግዳን ሳያስደንቅ አይቀርም።

እኛም ባለፈው ኅዳር ወደ መንዝ በወጣን ጊዜ ይህንኑ አየን። አብሮን የተማረ አንድ ወዳጃችን በዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በሚኖርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ በአሮጌ ጣሳ አፈር ሞልቶ ስድስት የበርበሬ ችግኞች አሳድጓል። ከስድስቱ አንዱ ሁለት ቃሪያ ይዟል። አንደኛውን ቀጥፎ ቢሰብረው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወዳጃችንም ደስ ብሎት፣ «መንዝ በርበሬ ማብቀል እንደሚችል ይህ ሽታ ምስክር ነው» አለን። ለገበሬዎች ችግኝ እንዲታደል የሚጠይቅ ማስታወሻም ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ዳሩ ግን ሽታ ምን ያህል ምስክር ሊሆን ይችላል? የእርጥብ ቃሪያን ልዩ ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ለይተው ገልጸዋል። ይህ ነገር በአንድ ትሪሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ቢኖር የሰው አፍንጫ ይለየዋል። እንግዲህ አየሩ በማይንቀሳቀስበት ክፍል አንድ ቃሪያ ቤቱን ቢሞላው አያስገርምም። በሜዳ ላይ ግን ነፋስ ስለሚበትነው፣ ቀርበው ቅጠሉን ካላሹት በቀር በማሳው መካከል ቆመውም ላይሸትዎት ይችላል። የሽታው መብዛት የክፍሉን መዘጋት እንጂ የተክሉን ብርታት አያስረዳም።

ብርታቱ የሚታወቀው በሌላ ነው። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ቁመቱ ይረዝማል፣ ግንዱ ይቀጥናል። የበርበሬ አበባ በራሱ ዱቄት ሊያፈራ የሚችል ቢሆንም፣ ዱቄቱን የሚያራግፍለት ነፋስ ወይም ንብ ሲያጣ ብዙ ጊዜ ሳያፈራ ይረግፋል። በደጅም ሌላ ጠላት አለ። የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነውና፣ በጠራ የበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። በርበሬ ደግሞ ከአሜሪካ ሙቅ አገሮች የመጣ ተክል ስለ ሆነ ውርጭ አይችልም።

ወዳጃችን ሦስቱን ችግኞች አውጥቶ በደጁ ተከለ። በማግሥቱ ቅጠላቸው ጠቁሮ ተኝተው አገኘናቸው። ጎረቤቱ የሆኑ ሽማግሌ ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ አንተ የምትተክለው ቤት ውስጥ ነው፤ እኛ የምናርሰው ግን ደጅ ነው» አሉት። ማስታወሻው በዚያው ቀን ተቀደደ። ባይቀደድ ኖሮ ስንት ገበሬ መሬቱንና ጉልበቱን በከንቱ ባጠፋ ነበር!

ይህን የምንጽፈው በወዳጃችን ለመሳቅ አይደለም። ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች ሁላችን በዝግ ክፍል ያደግን ችግኞች ነን፤ ሐሳባችን በክፍላችን ውስጥ ሲሸት የበሰለ ይመስለናል። የቤት ችግኝ እንኳ ወደ ደጅ ከመዛወሩ በፊት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰዓት ከፀሐይና ከነፋስ ጋር መለማመድ አለበት። እንደዚሁም ለገበሬ የታሰበ ነገር አስቀድሞ በትንሽ መደብ ላይ ክረምቱንና በጋውን ይፈተን፤ ማስታወሻው ከዚያ ወዲያ ይጻፍ።

የጣሳው በርበሬ ግን አይጣል። በትምህርት ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ለደጋ ልጆች ማስተማሪያ ይሁን። ለማሳ የሚሆነው ችግኝ ሙቀት ባለበት፣ ወደ ዠማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐ ቤቴ ቆላ ይሞከር። መንዝም በጉንና ገብሱን ይዞ ይውረድ፤ በርበሬውንም ገዝቶ ይመለስ። ሁለቱን የሚያገናኝ መልካም መንገድ ከስድስት ጣሳ ችግኝ ይልቅ የደገኛውን ድስት ያጣፍጣል።