መጋኛ ወይስ የልብ በሽታ?

የዛሬው ደብዳቤ አዲስ አበባ ከሚኖር የዘመሮ ልጅ የመጣ ነው። «ታላቅ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ወድቆ በዚያው ቀረ። የመንዝ ሰው ‹መጋኛ መታው› ብሎ ቀበረው። እኔም ሯጭ ነኝ። በቅርቡ ኢሲጂ ተነስቼ ‹ደህና አይመስልም፣ ኢኮ ያስፈልግሃል› ተባልኩ። ፈርቼ ቀረሁ። ሳላውቅ ብኖር አይሻልም?» ይላል።

አይሻልም ወንድሜ! የወንድምህን ነፍስ ይማር። እሱ በምን እንደሞተ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ሐኪሞቹ ያሰቡትን ግን እገምታለሁ። ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የሚባል፣ የልብ ጡንቻን ያለ ደም ግፊት የሚያወፍር የዘር በሽታ አለ። ከ500 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ከወላጅ አንዱ ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎ እ.ኤ.አ. በ2003 ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ በአስከሬን ምርመራ የተገኘው ይኸው በሽታ ነበር።

ታዲያ ኢሲጂው ላይ ምን ይታያል? ጡንቻው ሲወፍር መስመሮቹ ከልክ በላይ ይረዝማሉ። ሽቅብ መሆን የነበረበት «ቲ» የተባለው ሞገድ ቁልቁል ይገለበጣል። አንዳንዴም ጠባብና ጥልቅ የ«ኪው» ሞገድ ይመጣል። ግን ቶሎ አትደንግጥ! የሯጭ ልብ በልምምድ ስለሚጠነክር፣ የመስመሩ መርዘም ብቻውን በሽታ አይደለም። በጥቁር ስፖርተኞች ላይ ደግሞ ከደረት ፊት ለፊት የሚታይ የ«ቲ» መገልበጥ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በግራ ጎን በኩል ከተገለበጠ ግን በዝምታ አይታለፍም። ወረቀቱ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ኢኮ የልብህን ግድግዳ በሚሊሜትር ይለካዋል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያኔ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ምክሬ ይህ ነው። ኢሲጂህን ይዘህ የልብ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የወንድምህን አሟሟት ሳትደብቅ ንገረው። ውጤቱ እስኪታወቅ ሩጫውን ተው። በሽታው ከተገኘብህ ደግሞ ወላጆችህና ዘመሮ ያሉት እህት ወንድሞችህ ደብረ ብርሃን ሄደው ምርመራ ይጀምሩ። ኢሲጂያቸው ደህና ቢሆን እንኳ ኢኮው አይቅር፤ አንዳንዱን በሽተኛ ኢሲጂ ያልፈዋልና። ብዙዎች በመድኃኒትና በክትትል ዕድሜያቸውን ጠግበው ይኖራሉ።

እናትህ ስትሰማ ትደነግጥ ይሆናል። ሁለተኛ ልጅ ከመቅበር ግን መደንገጥ ይሻላታል። ነገ ዛሬ ሳትል ቀጠሮህን ያዝ!