«ዛሬ» የተባለው ምላጭ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አሮጌ የጃፓን ምላጭ ገዝቶ አሳየኝ። እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባ፣ ድሮ ፀጉር ቤት የምናውቀው ዓይነት ነው። ሻጩ በስልኩ አስተርጉሞ «ስሙ ‹ዛሬ› ይባላል» ብሎ ሸጦለታል። አንጀቴ አረረ። «ጃፓን» የሚጻፈው በሁለት ፊደላት ነው፤ ፊደላቱ ቦታ ሲለዋወጡ «ዛሬ» ተብለው ይነበባሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ደግሞ ጃፓኖች አግድም ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር። ስልኩ ከግራ ጀመረና ሳተ። ያ አጻጻፍ እኮ የምላጩን ዕድሜ የሚጠቁም ምስክር ነበር! ሻጩ ምስክሩን አባርሮ የሌለ ስም አወጣለት።

ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ የድሮ ምላጮች ላይ «ቶሮኩ ሾሂዮ» የሚሉ አራት ፊደላት ይገኛሉ። ትርጉማቸው «የተመዘገበ የንግድ ምልክት» ነው፣ በቃ። እነዚህን የታላቅ አንጥረኛ ስም አስመስሎ ዋጋ መቆለል ግን ማታለል ነው፤ «አላወቅሁም» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። በምላጩ ሳጥን ላይ ዓመት ተጽፎ ከተገኘማ ዘመን ማስላት ለለመድነው ለእኛ ቀላል ነው፦ «ሾዋ» በሚባለው የጃፓን ዘመን ቁጥር ላይ 1925 መደመር ነው። ሾዋ 12 እ.ኤ.አ. 1937 ይሆናል።

ምላጭ የሚሳልበት ድንጋይ ነገር ግን ይለያል። ኪዮቶ አጠገብ ናካያማን ከመሳሰሉ የድንጋይ ማውጫዎች የወጡት የተፈጥሮ ሞረዶች ማኅተማቸው በቀለም የተመታ ነው። ውሃና እጅ ሲበዛበት ይለቃል። ከሁሉ የሚፈለገው «ማሩካ» ነው፤ በክብ ውስጥ «ካ» የምትባል አንዲት ፊደል። ይህች ክብ ዋጋውን ሰማይ ታደርሳለች፤ አስመስሎ ማኅተም ማስቀረጽ ደግሞ ማንንም አያቅትም። ማኅተሙ የለቀቀበት ድንጋይም ከዚያው ማውጫ የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ቀለሙን አይቼ አልገዛም። ውሃ አስነክቼ ምላጭ እስልበታለሁ፤ ጭረት ከተወ እመልሰዋለሁ።

አረብ ብረቱም ጣጣ አለው። በሺማኔ ግዛት ያሱጊ ከተማ የሚሠራው ብረት «ነጭ ወረቀት» እና «ሰማያዊ ወረቀት» እየተባለ ይጠራል፤ ስያሜው የመጣው ከሚለጠፍበት ወረቀት ቀለም ነው። ነጩ ከካርቦን በቀር ብዙም የተጨመረበት ነገር የለም፤ ሰማያዊው ተንግስተንና ክሮሚየም አለበት። ስልክ ይህን አያብራራም። «ነጭ ወረቀት» ብሎ ዝም ይላል፣ ገዢውም ምላጩ ለወረቀት መቁረጫ የተሠራ ይመስለዋል።

አሮጌ ዕቃ በማሽን ከሚፈቀፍቁ ሰዎች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ዘንድሮም አልታረቅንም። «አጸዳሁት» እያሉ የሚፈቀፍቁት ዝገቱን ብቻ መቼ ሆነ? የሠሪው ስም፣ የከተማው ስም፣ የፊደሉ አቅጣጫ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊቅ አያነበውም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ምላጭ ወይም ሞረድ እጃችሁ ከገባ ውሃ ሳታስነኩት ማኅተሙን በሁሉም ጎን ፎቶ አንሱት። ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ከዚያ ጃፓንኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩት፤ ገንዘቡን የምትከፍሉትም ከዚያ በኋላ ይሁን።