ስሙ ብሩስ፣ ቡጢው የማን?

«ኮሜዲ ነው እኮ፣ ምን ታካብዳላችሁ?» የሚባል መከራከሪያ አለ። የከሸፈ ፊልም ሁሉ መደበቂያው እሱ ነው። እኔ ግን አካብዳለሁ፤ እየተደባደቡ ማሳቅ ዝም ብሎ ከመደባደብ ይከብዳልና።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን «ዴይ ኮል ሚ ብሩስ?» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ውሰዱ። ጆኒ ዩን የሚጫወተው ሰውዬ የማፍያዎች ምግብ አብሳይ ነው። ብሩስ ሊን ይመስላል ብለው «ብሩስ» ይሉታል፤ ኮኬይኑንም ልዩ ዱቄት ነው ብለው አሸክመው ወደ ኒውዮርክ ይልኩታል። ሐሳቡ አሪፍ ነው። እስያዊ ፊት ባየ ቁጥር ካራቴ የሚጠብቅ አገር ሊቀለድበት ይገባዋል። ፊልሙ ግን በዚያ ድንቁርና ከመቀለድ ይልቅ ድንቁርናውን ራሱን ይቸረችረዋል። ፖስተሩን የሚሸጥለት የሟቹ ስም ነው፤ ዋናው ተዋናይ ግን የሚተማመነው በምላሱ ነው። ዩን የመድረክ ቀልደኛ ነበር፤ አብዛኛው ቀልዱም ከአፉ አልፎ እጅና እግሩ ላይ አይደርስም።

«ሁሉም ያስመስል የለ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ብሩስ ሊ በ1973 በ32 ዓመቱ ሲሞት ብሩስ ሌ፣ ድራገን ሊ የሚባሉ ተተኪዎች እንደ አሸን ፈሉ። ጃኪ ቻንም ሳይቀር በ1976 «ኒው ፊስት ኦፍ ፉሪ» ላይ የሟቹን ጫማ እንዲያጠልቅ ተደርጎ ነበር፤ አልሆነለትም። በ1978 «ድራንከን ማስተር» ላይ ግን መንገዱን ቀየረ። ብሩስ ሲመታ ድንጋይ ነው፤ ጃኪ ሲመታ እጁን ያመዋል፣ ያራግፈዋል፣ እኛም እንስቃለን። በዚያው ዓመት ሳሞ ሃንግ «ኢንተር ዘ ፋት ድራገን» ላይ ብሩስ ሊን የሚያመልክ አሳማ አርቢ ሆኖ መጣ። ያንን ወፍራም ገላ ይዞ የብሩስን እንቅስቃሴ ሲያወርደው ታያላችሁ፤ እግረ መንገዱንም በአስመሳዮቹ ይሳለቃል።

ጃኪ ከዚያ በኋላም መዋሱን አልተወም። የ1923ቱ «ሴፍቲ ላስት» ላይ ሃሮልድ ሎይድ ከሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል። ጃኪ በ1983 «ፕሮጀክት ኤ» ላይ እሱን ተከትሎ ከሰዓት ማማ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከዚያም እውነት ወደቀ። የተዋሰውን ዕዳ የከፈለው በአጥንቱ ነው።

ልዩነቱ ይኸው ነው። እዚህ እኛ አገር በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ጃኪን ያዩ ልጆች ቋንቋውን ሳይሰሙ ይስቁ ነበር፤ ቀልዱ ገላው ላይ ስለነበር አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። «ዴይ ኮል ሚ ብሩስ?»ን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ የሚተርፋችሁ ሟቹን ይመስላል የተባለ አንድ ሰው ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም። መዋስስ ተዋሱ፤ ግን የራሳችሁን ላብ ጨምሩበት።