ግድቡ እንዴት አደረ?

በአገራችን ግድብ ዜና የሚሆነው ሁለት ጊዜ ነው፤ የመሠረት ድንጋይ ሲጣልና ሪባን ሲቆረጥ። በእነዚህ ዕለታት ቁመቱ፣ የሚይዘው ውኃና የሚያለማው ሄክታር በዝርዝር ይነገረናል። ከግርጌው ባሉት መንደሮች ስንት ሰው እንደሚኖር ግን አይነገረንም። ከምረቃው በኋላም ግድቡ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ይህን ጉዳይ ነው።

በግድብ ደኅንነት ትምህርት ተለይተው መታየት የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «ግድቡ ቢፈርስ ምን ይጠፋል?» የሚል ነው፤ መልሱን የጉዳት ደረጃ እንበለው። ሁለተኛው «ግድቡ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» የሚል ነው፤ መልሱን የጤንነት ደረጃ እንበለው። በአሜሪካ አሠራር የጉዳት ደረጃ ዝቅተኛ፣ ጉልህና ከፍተኛ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ግድቡ ቢፈርስ የሰው ሕይወት ሊጠፋ የሚችል ከሆነ ደረጃው ከፍተኛ ይሆናል። የጤንነት ደረጃ ደግሞ አጥጋቢ፣ መካከለኛ፣ ደካማና አጥጋቢ ያልሆነ እየተባለ ይመዘገባል። እንግዲህ ትናንት የተመረቀ፣ እንከን የሌለው ግድብ የጉዳት ደረጃው ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። የተሰነጣጠቀ ግድብም ከሥሩ ሰው ከሌለ ዝቅተኛ ሊባል ይችላል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ወይ በከንቱ ይደነግጣል፣ ወይ በከንቱ ይረጋጋል።

ነገሩን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መልክዓ ምድር ላይ እንየው። የአዳባይና የወንጪት ውኃ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በምሥራቁ ገደል በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ያመራል። ደጋው ሜዳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ በአንድ ጊዜ ወደ ቆላ ይወርዳል። እዚያ ጠርዝ ላይ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ የአፈር ግድብ ተሠራ እንበል። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን በቁመቱ ብቻ «ትልቅ» የሚለው ከ15 ሜትር ጀምሮ ስለሆነ፣ እኛም «አነስተኛ» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ በጠባብ ሸለቆ የሚወርድ ጎርፍ የሚንጣለልበት ሜዳ አያገኝም፤ ኃይሉን እንደያዘ ቆላው ላይ ይደርሳል። ሲሠራ ከሥሩ ማንም ያልነበረበት ግድብ ከ10 ዓመት በኋላ፣ መሬት ያጡ ወጣቶች መስኖውን ተከትለው ጎጆ ሲቀልሱበት፣ አንድ ድንጋይ ሳይጨመርበት ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይሸጋገራል። ስለዚህ የጉዳት ደረጃ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ ፋይል አይደለም።

ጤንነቱስ? የአፈር ግድብን የሚያፈርሱት በአብዛኛው ውኃ በአናቱ ላይ መፍሰሱና በውስጡ ሰርጎ አፈሩን እየሸረሸረ መውጣቱ ናቸው። ለሁለቱም ምልክት አላቸው። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ፍልፈል ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በግድቡ ገላ ላይ የበቀለ ባሕር ዛፍ ሥሩ ሲበሰብስ ለውኃ መንገድ ይከፍታል። ከግርጌው የሚወጣው ስርገት ጥርት ያለ ከሆነ መጠኑን መከታተል ይገባል፤ ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ስለሚሆን ጊዜ አይሰጥም። ደለልም አለ። የጎንደሩ አንገረብ በደለል መጎዳቱ የታወቀ ነው፤ በትግራይ የተሠሩ አነስተኛ ግድቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ደለልንና ስርገትን ዋና ችግር አድርገው አሳይተዋል። ደለል የሞላው ግድብ ጎርፍ ሲመጣ ማቆያ ስፍራ ስለሚያጣ፣ ሸክሙ ሁሉ በማስተንፈሻው ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ለማየት የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ የሠለጠነ ዓይንና በየክረምቱ ማግሥት የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደረጃው ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ግን አያድንም። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ በሊቢያዋ ደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈርሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። አንድ ሊቢያዊ ተመራማሪ ከአደጋው አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ጥገና እንደሚያስፈልግ ጽፎ ነበር። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን የኤደንቪል ግድብ ፈረሰ። ይህም ግድብ ቀደም ሲል አጥጋቢ ያልሆነ ተብሎ ነበር፤ ባለቤቶቹም ባለሥልጣናቱም በወቅቱ አላረሙትም። ሆኖም 10,000 ያህል ሰዎች እንዲወጡ ተደርጎ አንድም ሰው አልሞተም። ሁለቱም ዘንድ ግድብ ፈርሷል፤ ሁለቱም ዘንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር። ልዩነቱ ከሥር ያለው ሰው መቼ ውጣ እንደሚባልና ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መታሰቡ ነው።

እኛም ዘንድ ጥያቄው ቀርቧል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲበረታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ተፈናቅለዋል፤ ከሸዋ ደጋ በሚወርደው የከሰም ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብም የሁሉም ሥጋት ሆኖ ነበር። በጭንቀት ሰዓት የሚሰጥ «አትስጉ» የሚል መግለጫ የሚታመነው ሕዝቡ ከዚያ በፊት በየዓመቱ የግድቡን ደረጃ ሲያነብ ከኖረ ብቻ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንደኛው «ጠላት ይጠቀምበታል» የሚል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ሲሆን፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ በየትኛውም መለኪያ የጉዳት ደረጃው ከፍተኛ ነው። የግብፅ የአስዋን ግድብም እንዲሁ። ይህን መናገር ስለ አሠራሩ ጥራት አንዳች ክፉ ቃል መናገር አይደለም። ሁለቱን ደረጃዎች ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ሐሰተኛ ውንጀላን ለመመለስ ይበልጥ ይበረታል። ሁለተኛው ተቃውሞ «ድሆች ነን» የሚል ነው። መልሴ፣ ግድብን ዞሮ ማየት ግድብን መልሶ ከመገንባት እጅግ ይረክሳል የሚል ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። እንደ አጅማ ጫጫ ያሉ የመስኖ ግድቦች ለሚታሰቡባት ሰሜን ሸዋም ሆነ ለመላ አገሪቱ፣ ትንሹንም ትልቁንም ግድብ የሚይዝ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ይዘጋጅ። የጉዳት ደረጃውና የጤንነት ደረጃው ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የመጨረሻው ፍተሻ ቀንና የኀላፊው መሥሪያ ቤት ስም ይታከልበት፤ ከፍተኛ ደረጃ ላላቸው የመውጫ ዕቅድ ይዘጋጅና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል ያገሬ ሰው። በጀማ ሸለቆ የሚያርሰው ገበሬ ከበላዩ የቆመው ግድብ እንዴት እንዳደረ የማወቅ መብት አለው፤ የመንገርም ግዴታ የገንቢው ነው።

ቸር ይግጠመን።