«የተፈጥሮ» የተባለ ሁሉ ከጉዳት ነጻ ነውን? የበዓል ስጦታና የውበት መጠበቂያ ምርቶች አመራረጥ በላስታ

የልደት በዓል ሲቃረብ ወደ ላሊበላ የሚያመሩ ምእመናንና ጎብኚዎች ለዘመድ ወዳጅ ይዘውት ስለሚመለሱት ስጦታ ያስባሉ። በኩልመስክና በአካባቢው የላስታ ደጋ ለዚህ የሚሆን ምርት አይጠፋም፤ ነጭ ማር፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና፣ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ሞሰብ ይገኙበታል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በተከሰቱ ግጭቶች ምክንያት የጎብኚ ፍሰት በእጅጉ በመቀነሱ፣ በቀጥታ ከአምራቹ እጅ የሚገዛ ዕቃ ለአንድ ቤተሰብ ገቢ ያለው ትርጉም ከፍተኛ ነው።

ይሁን እንጂ «የተፈጥሮ» የሚለው ስያሜ ብቻውን የደኅንነት ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ኩል ጥሩ ማሳያ ነው። ከማዕድን ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ኩል ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ (ሊድ) ሊይዝ እንደሚችል በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ጉዳት አያደርስም ሊባል የሚችል መጠንም የለውም። በመሆኑም ሕፃናትን ኩል መኳል አይመከርም። ማርም ቢሆን ለአዋቂ የተመረጠ ስጦታ ቢሆንም ዓመት ላልሞላው ሕፃን መስጠት አይገባም።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ለዘመናት የልብስ ማጠቢያ ሆኖ አገልግሏል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በአድዋ ማስተዋላቸውም ለዓለም አሳውቆታል። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ይኸው ኃይል ግን እንዶድ ለሚጠጣ ሰው መርዝ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲጨመርም ዓሣን ያጠፋል።

በሌላ በኩል ከፋብሪካ ወጥተው ቆዳን ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይይዛሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። የይዘት ዝርዝር፣ የአምራች ስምና የመጠቀሚያ ጊዜ ያልተጻፈበትን ቅባት አለመግዛት ቀዳሚው ጥንቃቄ ነው።

ስጦታው ለአካባቢ የሚስማማ መሆኑም መታየት አለበት። ለጢስና ለመፋቂያ የሚውለው ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። በተራቆተ ተራራ ላይ ዛፉን ከሥሩ ቆርጦ የሚመጣ ምርት «ተፈጥሯዊ» ቢባልም አፈሩን ለጎርፍ ያጋልጣል። ሣር ግን ታጭዶ መልሶ ስለሚበቅል፣ የበግ ፀጉርም ተሸልቶ ስለሚተካ፣ ሞሰብና ባና የተሻሉ ምርጫዎች ናቸው። ማርም አበባ እስካለ ድረስ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ገዢው ሲበዛ አናቢው ቁጥቋጦውን እንዲጠብቅ ያበረታታዋል። መያዣን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ስለሚከለክል፣ ዕቃን በዘንቢል ወይም በጨርቅ ከረጢት መያዝ ይገባል።

የውበት መጠበቂያ ምርቶች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ዜጎች ሲገዙ ደረሰኝ መቀበል፣ በምርቱ ሳቢያ ማሳከክ፣ ማቃጠል ወይም እብጠት ከተከሰተ መጠቀም አቁመው ወደ ጤና ተቋም መሄድና ዕቃውን ከነማሸጊያው ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። አጠራጣሪ ምርት ሲያጋጥማቸውም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ወይም በአቅራቢያቸው ለሚገኘው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ጥቆማ መስጠት ይችላሉ።