ጊታር በጆሮ ይገዛል እንጂ በዓይን አይገዛም

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት በደብረ ኤልያስ የማያውቅ ልጅ የለም። ነገር ግን ተረት ማወቅና በተረት መመከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ባለፈው ክረምት በራሴ ላይ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በአንድ ሰዓት ውስጥ በከንቱ ላጠፋው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በምትታተመው በዚህች መጽሔታችን፣ ገንዘቡ ትንሽ ምኞቱ ግን ትልቅ የሆነ ተማሪ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት አድርጎ መምረጥ እንደሚገባው የሚመስለኝን ለማቅረብ ተነሣሁ። ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ቢኖር ያርመኝ፤ እንደ እኔ ጀማሪ የሆነ ግን ከስሕተቴ ይማር።

አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። «በቅኔ በታወቀችው በደብረ ኤልያስ ተቀምጦ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር መጻፍ ምን ይሉታል? ክራርና መሰንቆ ምን አነሳቸው?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ነቀፋው ከአገር ፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚችው በደብረ ኤልያስ ቅኔ ከተማሩ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ረጅም ልብ ወለድ ነው። ረጅም ልብ ወለድ ደግሞ በቅኔ ቤት የሚማሩት የድርሰት ዓይነት አይደለም። የድርሰቱ መልክ ከውጭ ቢመጣም ቋንቋውና ሕይወቱ የጎጃም ነው። ጊታርም እንዲሁ ነው። ሰላም ስዩም ወልደማርያም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር ሲጫወቱ የአገራቸውን ቅኝት አልተዉም። ማህሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» ያዳመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በክራርም ቢመቱ በጊታር ያው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ጊታር ይገባናል ወይስ አይገባንም የሚለው ሳይሆን፣ የድኻ ልጅ ሳይከስር እንዴት ይግዛው የሚለው ይመስለኛል።

በቀድሞ ዘመን የዘመናዊ ሙዚቃ ሰው ስለ መሣሪያ ዋጋ እንደ ዛሬው ተማሪ አይጨነቅም ነበር። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት፣ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ስለ ነበራቸው፣ ተጫዋቹ ይዞት የሚወጣው የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ነበር። ዛሬ በገጠር ከተማ ያለ ተማሪ ግን የሚፈልገውን መሣሪያ ከራሱ ኪስ መግዛት አለበት። ያውም ጊታር የውጭ አገር ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከእኛ እጅ እየራቀ ሄደ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ 14,000 ብር አጠራቀምሁ። ገንዘቡ የመጣው ለፋሲካ አደልቤ ከሸጥኋቸው ሁለት በጎች፣ ከዶሮዎቼ እንቍላልና በኅዳር ወር ጤፍ በማጨድ ካገኘሁት የቀን ሥራ ነው። እናቴ ይህን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ነበር ያሰበችው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌ ዩኒቨርስቲ ስገባ ለብርድ ልብስና ለመንገድ እንዲሆነኝ ትመኝ ነበር። «እስቲ ይሁን፤ ግን የማይረባ ነገር ገዝተህ ብትመጣ እኔ አላውቅህም» ብላ ፈቀደችልኝ። ስለዚህ በእጄ የያዝሁት 14,000 ብር ብቻ አልነበረም፤ የእናቴን ብርድ ልብስም ይዤ ነበር።

በክረምት ዕረፍት አዲስ አበባ ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። በማግሥቱ ከአንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ጊታር ተሰቅሎ አየሁ። እንደ መስተዋት ያበራል። ጫፉ ላይም የታወቀ ስም ተጽፎበታል። ባለ ሱቁ 13,500 ብር አለኝ። ልቤ እንደ ከበሮ መታ። አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን ሳልሰማ ገንዘቤን ከውስጥ ኪሴ ማውጣት ጀምሬ ነበር። በዚያ ሰዓት ያዳነኝ አብሮኝ የሄደው የአክስቴ ጎረቤት ነው። እርሱም በሠርግ ቤት ሲጫወት የኖረ ሽማግሌ ነበርና በቀስታ «አምፕሊፋየሩን በምን ትገዛለህ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። «ነገ እንመለሳለን» ብለን ወጣን።

ማታ ለአባቴ ስልክ ደወልሁ። አባቴ ዛሬ ገበሬ ይሁኑ እንጂ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ነገሩን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ጉባኤ ቃና ሳትቈጥር መወድስ ልትዘርፍ ነውን?» አሉኝ። በቅኔ ቤት ጀማሪ የሚቈጥረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው። መወድስ የሚመጣው ቈይቶ ነው። የመጀመሪያ ጊታርም ጉባኤ ቃና መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ጆሮንና ጣትን የሚያስተምር ይሁን እንጂ ሰው የሚያስደንቅ እንዲሆን አይጠበቅበትም።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ያስተማረኝንና እኔም ራሴ መርምሬ ያገኘሁትን በተራ ልግለጽ።

አንደኛ፣ ገዢው ገንዘቡን ሁሉ ለጊታሩ ብቻ አይጨርስ። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚያገኘው እንደ ክራር ከድምፅ ሣጥኑ አይደለም። ከአውታሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ። የብረቱ አውታር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦውም ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ይህም ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘውና እኛም በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ሕግ ነው። ያን ደካማ ፍሰት አጉልቶ ለጆሮ የሚያደርሰው አምፕሊፋየሩ ስለ ሆነ፣ ጊታር ገዝቶ አምፕሊፋየር ማጣት ሊጥ አቡክቶ ምጣድ እንደ ማጣት ነው። እንግዲህ ከገንዘቡ ሢሶው ለአምፕሊፋየር፣ ለገመድና ለትርፍ አውታር ይቀመጥ። ለመኖሪያ ቤት ልምምድ 10 ወይም 15 ዋት የሆነ ትንሽ አምፕሊፋየር ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ገዢው ከቀለሙ በፊት አንገቱን ይመልከት። አባቶቻችን ሞፈር ሲመርጡ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንገቱ ርዝመት ይይ። ጥቂት ወደ ውስጥ መጕበጥ ያለ ነገር ነው፤ በመሣሪያም ይስተካከላል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንገት ግን አይቃናምና ይተወው። ከዚያም በአንገቱ ላይ የተሰኩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የሚባሉትን፣ በጣቱ ጫፍ ይዳስስ። ጫፋቸው እጅ የሚቧጭር ከሆነ ሥራው የችኰላ ነው። አውታሩ ከአንገቱ እጅግ ከራቀ የጀማሪ ጣት ይቈስላል፤ የቈሰለ ጣት ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

ሦስተኛ፣ ቅኝቱን ይፈትን። ስድስቱ አውታሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። በእጅ ስልክ ላይ በነጻ የሚጫን መቃኛ ስላለ ጀማሪም ይህን ማድረግ ይችላል። ከተቃኘ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ጠንከር አድርጎ ይምታውና እንደ ገና ይመርምረው። መቃኛዎቹ የሚንሸራተቱ ከሆነ ጊታሩ ጆሮውን ያበላሽበታል እንጂ አያስተምረውም። ደግሞም አንዱን አውታር ባዶውን ይምታ፤ ቀጥሎም በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ይምታ። ይህ ፍሬት በአውታሩ ርዝመት እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ፣ ሁለተኛው ድምፅ ያው የመጀመሪያው ሆኖ በከፍታ ብቻ መለየት አለበት። አውታሮቹ በታች በኩል የሚያርፉበትን ብረት (በበገና ብርኩማ የምንለውን) በተመለከተ፣ በርካሽ ጊታር ላይ በዘንግ የሚወዛወዝ ዓይነት ቅኝት ቶሎ ስለሚያፈርስ፣ የማይነቃነቀውን መምረጥ ይሻላል።

አራተኛ፣ በኤሌክትሪክ ሳይሞከር ገንዘብ አይከፈል። ገመዱ ተሰክቶ፣ የድምፁና የቃናው መቈጣጠሪያዎች ሁሉ እየዞሩ ይሞከሩ። ሲዞሩ ቢንኰሻኰሹ ብዙ ጊዜ አቧራ ነውና ይጠረጋል። ድምፁ እየተቈረጠ የሚመለስ ከሆነ ግን ጥገና እንደሚያስፈልገው ታውቆ ዋጋው ይቀነስ። አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ከጀርባው የተጻፈው ቍጥር ይነበብ። በዚያ አገር ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለትን አምፕሊፋየር ያለ መቀየሪያ ሶኬት ላይ ሰካው። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ጢስ ወጣ፤ የዘመዱም ስጦታ በዚያው ቀረ። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬትም መጠቀም የተጫዋቹን እጅ በኤሌክትሪክ ሊያስመታ ስለሚችል ይህን ቀላል ነገር ማለት አይገባም።

አምስተኛ፣ ሰው የተጠቀመበት ዕቃ መግዛት አያሳፍርም። ቀለሙ መላጡ ድምፁን አይለውጠውም። እንዲያውም ብዙ ዘመን የተጫወቱበት ጊታር አንገቱ ሳይጣመም ከቈየ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።

እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ከሚያውቀው ሰው ስሙ ያልታወቀ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ የተላላጠ ጊታር በ8,500 ብር ገዛሁ። ያገለገለ ትንሽ አምፕሊፋየር 4,000 ብር፣ ገመድና ሁለት ጥቅል አውታር 1,200 ብር ወጣባቸው። 300 ብር ተረፈችኝ። ከመሄዴ በፊት ወደዚያ ሱቅ ተመልሰን ቀዩን ጊታር በአምፕሊፋየር አስሞከርነው፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቅኝቱን አልጠበቀም። ያም ሆኖ ዓይኔ እስከ በር ድረስ እያየው ወጣ። ይህን የምናገረው የዓይን ምኞት በምክር ብቻ በቀላሉ እንደማይጠፋ እንድታውቁልኝ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ርካሽ ከመግዛት ታግሦ፣ ወይም ተበድሮ፣ ምርጡን መግዛት ይሻላል» ይላሉ። በታላቅ ጊታር ላይ የሚገኘው ድምፅ በእኔ ጊታር ላይ እንደማይገኝ አልክድም። ነገር ግን ገና ጣቱ ያልተፈታ ሰው ያን ልዩነት ሊያወጣው አይችልም። ብድሩ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሰማዋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለውም ለዚህ ነው። መታገሥ መልካም ቢሆንም፣ ዋጋው በየዓመቱ በሚጨምርበት ጊዜ ትዕግሥቱ ሳይለማመዱ ዕድሜ መቍጠር ይሆናል። ገንዘቡ ለዚህም የማይበቃ ተማሪ ቢኖር ክራር ይያዝ። የክራር አምስት ድምፆች የለመደ ጆሮ ወደ ጊታር ሲሄድ ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ከቤቴ እንደ ደረስሁ እናቴ መጀመሪያ ያየችው የተላላጠውን ጠርዝ ነው። ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከቍጣ ይከብድ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየርም ቢሆን ለአንድ ጎጆ የሚበቃ ቀጭን ድምፅ አለውና በጨለማው ትዝታን ቀስ እያልሁ መታሁ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። እናቴ እሳቱን እየቈሰቈሰች «ያቺን የተሳሳትህባትን እንደ ገና ምታት» አለችኝ። ስለ ጠርዙ ከዚያ ወዲህ አንሥታ አታውቅም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከወላጆቻችን ጉልበት የወጣ ገንዘብ በእጃችን ሲገባ ለሰው ዓይን ብለን አናውጣው። ጊታርም ሆነ ሌላ መሣሪያ ስንገዛ ስሙን ሳይሆን አንገቱን፣ ቀለሙን ሳይሆን ቅኝቱን እንመርምር። ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ ቢኖር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ይምጣ፤ የእኔን ተላላጭ ጊታር ይዞ ፈተናውን ሁሉ ይለማመድበት። አሳቤን በዚሁ እፈጽማለሁ።