ወጥነት የድምፅ ነው እንጂ የሰዓት አይደለም፦ ለጌም ቻናል ምክሮች የተሰጠ ምላሽ

የጌም ቻናል መክፈት ለሚፈልግ ወጣት በአማርኛ በሚሰጡ ምክሮች ውስጥ ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ፦ አንድ ጌም ምረጥ፣ አንድ ፎርማት ያዝ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጫን። ሦስቱም የቆሙት በአንድ ግምት ላይ ነው። ተመልካች የሚመለሰው ልማድ ስለሚሆንበት ነው፤ ልማድ ደግሞ ከቋሚ ፎርማትና ከቋሚ ሰዓት ይወለዳል ይላሉ። ይህ ግምት በሰሜን ወሎ፣ በወልዲያ፣ በመርሳና በጠቅላላው በሀብሩ ወረዳ ሲፈተን እንደማይጸና ለማሳየት እሞክራለሁ።

ምክሩ ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም። መደጋገም እጅን ያፍታታል። ሃያ ቪዲዮ የሠራ ልጅ ሁለት ከሠራው ይልቅ የት መቁረጥ፣ የት ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ዩቲዩብም የማስታወቂያ ገቢ ለማጋራት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ ዕይታ ስለሚጠይቅ ብዙ መሥራት ግድ ይመስላል። ሆኖም መስፈርቱ የሚቆጥረው ሰው ያየውን እንጂ ባለቻናሉ ስንት ቀን ሳያቋርጥ እንደጫነ አይደለም።

የመጀመሪያው ችግር መብራትና ኔትወርክ ነው። በየቀኑ የመጫን እቅድ ሁለቱ ሁልጊዜ አሉ ብሎ ይነሳል። የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያ በዘለቀበት፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩቲዩብን ጨምሮ ዋና ዋና የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች በመላ አገሪቱ ለአምስት ወር ያህል ተገደቡ። ገደቡ ሐምሌ ላይ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ወልዲያ ባለችበት በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፋ። እንዲህ ባለ ቦታ ወጥነትን በሰዓት የሚለካ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነውን መቋረጥ እንደ ራሱ ስንፍና ይቆጥረዋል። የሚያዋጣው በክምችት ማቀድ ነው፦ መብራት ሲኖር ቀርጾና ኤዲት አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኔትወርክ ሲገኝ መጫን። በክምችቱ ውስጥ የማያረጁ ቪዲዮዎች ይበዛሉ፤ ወቅታዊው ጥቂት ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ፎርማትን ሳይሞክሩ መምረጥ ነው። ዩቲዩብ ለ720ፒ ቪዲዮ የሚመክረው በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ነው። በዚህ ልክ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 375 ሜጋባይት ይፈጃል፤ የአንድ ደቂቃው ግን 37.5 ብቻ ነው። ፓኬጁን እየቆጠረ ለሚጭን የመርሳ ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በአንድ ረጅም ቪዲዮ ዳታ አሥር አጫጭር ሙከራ ያደርጋል። ከአሥሩ የተሻለው ወደ ረጅም ቪዲዮ ሊያድግ ይችላል፤ የቀሩት ቢወድቁም ኪሳራው ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 50 ሰው ብቻ ያየውን ቪዲዮ ግማሹ እስከ መጨረሻ ቢከታተለው፣ በቁጥሩ ማነስ ምክንያት ትክክለኛው ልክ ከ36 እስከ 64 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቪዲዮ «ይሄ ሠራ፣ ያ አልሠራም» ማለት ግምት ነው። አንድ ፎርማት ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ መሞከር አለበት፤ በሁለት ሙከራዎች መካከልም አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ጌሙም፣ ርዝመቱም፣ ታምኔሉም በአንዴ ከተቀየሩ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ሦስተኛውና ዋናው ችግር ምክሩ ተመልካች ለምን እንደሚመጣ መሳቱ ነው። መልሱ ጌም ቤት ውስጥ ይገኛል። ጆይስቲክ የያዙት ሁለት ናቸው፤ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት አምስት ስድስት። የአንዱ ጆይስቲክ ጎማ ተልጧል፣ የሩጫው ቁልፍም በኃይል ካልተጫኑት አይሠራም፤ እሱን ማን ይያዝ በሚለው ክርክር ጨዋታው ሳይጀመር ቤቱ ይሞቃል። «ኧረ በግራ ክፈትለት!» የሚለው ከኋላ ነው። ተሸናፊ ይከፍልና ይነሳል፤ ምን ብሎ እንደሚነሳ ለመስማት ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። የጌም ተመራማሪው ጄምስ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ መቆጣጠሪያውን ሳይዝ አብሮ የሚያስብና የሚመክር ሰውም በጨዋታው ውስጥ እንዳለ ተከራክሯል። ጌም ቤቶቻችን ክርክሩን በየቀኑ ያረጋግጡታል።

የእኛ ሰው ጨዋታን በድምፅ መከታተል የጀመረው በዩቲዩብ ዘመን አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ፣ ከግጥሚያው እኩል የሚታወሰው ጨዋታውን ያስተላለፈው የስፖርት ጋዜጠኛ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ጌሞች ግን ስም እንኳ አይጸናላቸውም። የእግር ኳስ ጌሙ ፒኢኤስ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ሆነ፤ ፊፋም በ2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተባለ። ቻናሉን በአንድ ጌም ስም ላይ የሠራ ሰው ስሙ በተቀየረ ቁጥር ይቸገራል። ዩቲዩብ ራሱ ያለ ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ ጨዋታ ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ለገቢ ተቀባይነት ላያገኝ እንደሚችል በመመሪያው አስፍሯል።

ስለዚህ ጸንቶ መቆየት ያለበት ድምፁ ነው፦ ተራኪው፣ የአነጋገር ለዛው፣ የጓደኛሞቹ መነካካት። ፎርማቱ በዙሪያው ይፈተን። ለምሳሌ የድሮው ፒኢኤስ የቡድን ስምና መለያ ለመቀየር ይፈቅዳል፤ አንድ የወልዲያ ልጅ ወልዲያን በራሷ ማሊያ አሰልፎ፣ 25,155 መቀመጫ ባለው ስታዲየሟ እንደምትጫወት አድርጎ በአማርኛ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይኸው ግጥሚያ አንዴ የአንድ ደቂቃ ጎል፣ አንዴ የሁለት ጓደኛሞች የአሥር ደቂቃ ፍልሚያ ሆኖ ይሞከር። ከስክሪን ውጭ ደግሞ ባህላዊው የገበጣ ጨዋታ አለ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ 103 ዓይነት አጨዋወት መዝግቧል። የሀብሩ ልጅ ስልኩን ከላይ አድርጎ የአካባቢውን አጨዋወት ከአዋቂዎች ጋር እየተጫወተ ቢያስረዳ፣ ሲዲም ሆነ ዳውንሎድ የማይፈልግ፣ የማያረጅ ቪዲዮ ያገኛል።

«ፎርማት ሲለዋወጥ ተመልካች ግራ ይጋባል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሁሉም ነገር በአንዴ ከተለዋወጠ እውነት ነው። ያው ሰው በዚያው ለዛ እስከተናገረ ድረስ ግን ተመልካቹ ቤቱን አይስትም። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለአንድ ቪዲዮ እስከ ሦስት ታምኔል ማወዳደር ፈቅዷል፤ መድረኩ ራሱ ሙከራን የሥራው አካል አድርጎታል ማለት ነው።

እንግዲህ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ጥያቄያቸውን ቢለውጡ ይበጃል። «በሳምንት ስንት ጫንክ?» የሚለው ከወልዲያ ልጅ ይልቅ የመብራትና የኔትወርክ ሁኔታን ይመዝናል። «በዚህ ወር ምን ሞከርክ፣ ምንስ ጣልክ፣ ለምን?» የሚለው ግን ልጁን ይመዝናል፤ መብራት በጠፋበት ሳምንትም ቢሆን መልስ ሊሰጥበት ይችላል።